ተካኝ የተባለው የአህያ መኪና

አንድ ጊዜ ሰዎች «አርጅተዋል፣ ከእንግዲህ አይረቡም» ብለው ጫካ ዳር የጣሏቸውን መኪናዎች አራዊት አገኟቸው። መጀመሪያ ፈሯቸው። ቀጥለው አሸተቷቸው። በመጨረሻ ወደዷቸው። ዝገቱን ፈገፈጉ፣ ጎማውን ነፉ፣ ሞተሩን ፈትተው ገጠሙ። ከዚያም የአሮጌ መኪና ወዳጆች ማኅበር አቋቋሙ።

ሊቀ መንበሩ አንበሳ ነበር። ረጅም ጥቁር መኪና ነበረው። ጎፈሩ አልገባ ስላለው ጣሪያውን ቀዶ፣ አንገቱን ወደ ላይ አውጥቶ ነበር የሚነዳው። ኤሊ ደግሞ ትንሽ ክብ መኪና ነበረቻት፤ ከሩቅ ሲያዩአቸው የትኛዋ ኤሊ፣ የትኛዋ መኪና እንደሆነች መለየት ያስቸግር ነበር። ቀበሮ ቀይ መኪና ነበረው። ከጠዋት እስከ ማታ በጅራቱ ይወለውላታል። «ቀይዋን ማንም እንዳይነካብኝ! አሻራ ይይዛታል» ይላል።

ጅብ መኪና አልነበረውም። ብዙ ጊዜ አግኝቶ ነበር፤ ግን ወንበራቸው ከቆዳ የተሠራ ስለሆነ እየበላ ጨረሳቸው። ወደ ማኅበሩ ሲገባ «መኪና ስለምወድ ነው» አለ። አልዋሸም፤ በጣም ይወዳቸዋል።

አህያ ደግሞ የጭነት መኪና ነበራት። ዕድሜዋን ሙሉ እህልና እንጨት ስትሸከም ኖራ፣ በእሷ ፈንታ የሚሸከም አንድ ነገር በማግኘቷ ስሙን «ተካኝ» አለችው። ተካኝ ግን ገና አልጠናም ነበር። አንድ ቀን ይነሳል፣ አንድ ቀን ይተኛል። አህያ ግን ተስፋ አትቆርጥም። ሲነሳ ታመሰግነዋለች፤ ሲተኛ ከሥሩ ገብታ ዘይት እየተንጠባጠበባት ትጠግነዋለች።

ማኅበሩ በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ አንድ ትልቅ ጉዞ ነበረው። ሁሉም መኪናቸውን አሰልፈው ዳገቱን ይወጡና ጫፉ ላይ ካለው ትልቅ ሾላ ሥር ይገናኛሉ። ከጉዞው በፊት ኮፈን ከፍቶ የጓደኛን ሞተር ማየት ልማዳቸው ነበር። «የአንቺ ዘይት አንሷል»፣ «የአንተ ሽቦ ላልቷል» ይባባላሉ። ኮፈኑን የማይከፍተው ቀበሮ ብቻ ነበር።

ጉዞው ሲቃረብ ስብሰባ ተጠራ። ቀበሮ ጉሮሮውን ጠርጎ ተነሣ።

«ክቡር ሊቀ መንበር፣ ሰፈራችን በማይሄዱ መኪናዎች ተሞላ። እኔ የምለው፣ ዘንድሮ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት በራሱ ሞተር ሾላው ጋ ያልደረሰ መኪና ይበለት! ዕቃው ለሌሎቻችን ይከፋፈል።»

ጥግ ላይ ተኝቶ የነበረው ጅብ «ይበለት» የሚለውን ሲሰማ ብድግ አለ።

«ማን ነው የሚበለተው?»

«መኪና ነው፣ አያ ጅቦ።»

«ወንበር አለው?»

አህያ ጆሮዎቿ ወደቁ። «አያ ቀበሮ፣ ተካኝን ማለትህ ነው?»

«ኧረ እትዬ አህያ! ሕግ እኮ የማንንም ስም አይጠራም።»

«ሕጉ ያንተንም መኪና ይጨምራል?» አለ አንበሳ።

«የእኔንም፣ የእርስዎንም፣ የሁላችንንም!» አለ ቀበሮ ደረቱን ነፍቶ።

አንበሳ ራሱን ነቀነቀ። አንበሳ ራሱን ከነቀነቀ ደግሞ ሌላው አብሮ ይነቀንቃል። ሕጉ ጸደቀ።

ቀበሮ ይህን ሁሉ ያደረገው በምክንያት ነው። ቀይዋ መኪና ውጪዋ እንደ መስታወት ቢያበራም ውስጧ ታሞ ነበር። ስትሄድ ትስላለች፤ ሞተሩን የሚያስተነፍሰው ካርቡራቶሯ አልቋል። በዚያ ጫካ እሷን የሚሆን ካርቡራቶር ያለው ደግሞ ተካኝ ብቻ ነበር። ቀበሮ አንድ ጊዜ አህያን ለምኗት ነበር። እሷም «ሌላ ዕቃ ንገረኝና አውስሃለሁ። ካርቡራቶሩን ከሰጠሁህ ግን ተካኝ በምን ይተነፍሳል?» ብላ መለሰችለት። ቀበሮ ሳቅ አለና ሄደ። ሳቁ ግን የሆድ ሳቅ አልነበረም።

የጉዞው ቀን ደረሰ። መኪናዎቹ በዳገቱ ግርጌ ተሰለፉ። ኮፈን ተከፈተ፣ ሞተር ታየ። የተካኝም ሞተር ጥሩ ነበር። ከዚያ ለራዲያተር የሚሆን ውሃ ለመቅዳት ሁሉም ወደ ወንዝ ሊወርዱ ሲነሡ፣ ቀበሮ ጅብን ወደ ቁጥቋጦ ጠራው።

«አያ ጅቦ፣ ጠፍር ትወዳለህ?»

«ጠፍር? የት አለ?» ጅብ ምራቁን መዋጥ ጀመረ።

«በተካኝ ኮፈን ሥር። ማራገቢያውን የሚያዞረው ቺንጊያ ከጠፍር የተሠራ ነው። እሱን ስትበላው ማራገቢያው አይዞርም፣ ውሃው ይፈላል፣ መኪናው ዳገቱ ላይ ይቆማል። ማታ ይበለታል። ካርቡራቶሩ ለእኔ፣ የቆዳ ወንበሩ ለአንተ!»

«አህያዋስ?»

«አህያዋ የማኅበሩ አባል ናት!»

«መጠየቅ ነውር ነው እንዴ?» አለ ጅብ።

በዚያ ጫካ የጎማ ቺንጊያ ስለማይገኝ አራዊቱ ሁሉ ቺንጊያቸውን ከጠፍር ነበር የሚሠሩት። ጫፉንና ጫፉን በነሐስ ቀለበት ያያይዙታል። ሌሎቹ ወደ ወንዝ ሲወርዱ ጅብ «እግሬን አሞኛል» ብሎ ቀረ። ከዚያ እግሩን ያመመው ጅብ ሮጦ የተካኝን ኮፈን ከፈተና ቺንጊያውን ከነቀለበቱ ዋጠው።

«ኡፍ! ዘይትም አለበት!» አለ ከንፈሩን እየላሰ።

ቀና ሲል ዓይኑ ቀይዋ መኪና ላይ አረፈ። እያበራች ቆማለች። ጅብም እንዲህ ሲል አሰበ፦ «የዛገው መኪና ቺንጊያ እንዲህ ከጣፈጠ፣ የተወለወለው እንዴት ይጥም!» የአንበሳውን መኪና ግን አልነካም። ጅብ ቂል ቢሆንም ያን ያህል ቂል አይደለም።

አህያ ውሃዋን ይዛ መጣች። ኮፈኑን ከፍታ ጮኸች።

«ቺንጊያዬ! ቺንጊያዬ የለም!»

«ወይኔ፣ እትዬ አህያ» አለ ቀበሮ ጅራቱን እያወዛወዘ። «ምን ዓይነት ክፉ ዕድል ነው? እኔ ብሆን ውዬ ሳላድር አዲስ እሠራ ነበር። ግን ሕግ ሕግ ነው። እኛ እንቅደም።»

ሞተሮች ተነሡ። አንበሳ ቀደመ፣ ቀበሮም እንደ ልማዱ ኮፈኑን ሳይከፍት ጅብን ከኋላ ወንበር አስቀምጦ ተከተለው። «ወንበሩን እንዳትነካ!» ብሎ ሦስቴ አስጠንቅቆታል። ከአህያ ጋር የቀረችው ኤሊ ብቻ ነበረች።

«አንቺም ሂጂ፣ ይመሽብሻል» አለቻት አህያ።

«እኔ መቼ ቸኩዬ አውቃለሁ?» አለች ኤሊ።

አህያ ወደ ጋቢናው ገባች። መሪውን ዳሰሰችው። ከዛሬ ማታ በኋላ ተካኝ አይኖርም፤ ነገ ጠዋት ደግሞ ሸክሙ ወደ ጀርባዋ ይመለሳል። እንባዋን ልትጠርግ ጨርቅ ስትፈልግ ከወንበሩ ሥር አንድ ነገር እጇ ላይ ተጠመጠመ። ድሮ ሸክም ሲጭኑባት ጭነቱን ያስሩበት የነበረው የጠፍር መጫኛ ነበር። ሆዷን ሲያጠብቃት የኖረ ገመድ ነው። ልትጥለው ስትል ስትል ረስታው ነበር።

«ኤሊዬ! ይኸውልሽ ጠፍር!»

በጥርሷ ቆረጠችው፤ አዞረችው፤ ቀለበት ስላልነበራት ጭነት የሚታሰርበትን ጠንካራ ቋጠሮ አሰረችው። ያን ቋጠሮ ከእሷ የተሻለ የሚያውቀው የለም፤ ስንት ዓመት ሆዷ ላይ ሲታሰር ኖሯል! ከዚያ ሞተሩን አስነሣች። ተካኝ አንዴ እንትፍ አለ። ደግሞ እንትፍ አለ። ከዚያ ድድድድድ ብሎ ተነሣ።

ዳገቱ መሐል ሲደርሱ ከፊታቸው ነጭ ጭስ ታየ። ቀይዋ መኪና ቆማለች። ራዲያተሯ እንደ ድስት ይንተከተካል። አንበሳ መኪናውን አቁሞ ወርዷል። ቀበሮ ዙሪያዋን ይሮጣል፤ ግን አሁንም ኮፈኑን አልነካም።

«ክፈተውና እንየው እንጂ!» አለ አንበሳ።

«አሻራ ይይዛታል፣ ጌታዬ!»

አንበሳ ራሱ ከፈተው። ሁሉም አንገታቸውን አስግገው አዩ። ማራገቢያው አለ፣ ራዲያተሩ አለ፣ ቺንጊያው የለም።

«የአንቺም ጠፋ፣ የእሱም ጠፋ» አለች ኤሊ ወደ አህያ ዞራ። «ምን ዓይነት ሌባ ነው?»

ይህን ጊዜ ጅብ ሳቁ መጣበት። ሊይዘው ቢሞክርም አልቻለም። ሲስቅ ሆዱ ተነቃነቀ፤ ሆዱ ሲነቃነቅ ሁለቱ የነሐስ ቀለበቶች ተጋጩ።

ቅጭል! ቅጭል! ቅጭል!

ቀበሮ ዓይኑ ፈጠጠ። «የእኔንም?» ብሎ ጮኸ። «አንተ ሆዳም! የእሷን ብቻ ብላ አልኩህ እኮ!»

 የቀይዋ ራዲያተር እንኳ መንተክተኩን ያቆመ መሰለ።

«የማንን ብቻ?» አለ አንበሳ ዝግ ብሎ።

«ማለቴ... እኔ እንኳ... በምሳሌ...»

«‹አትብላ› አላልከኝም» አለ ጅብ ቅር ብሎት። «‹የእሷን ብላ› አልከኝ፣ በላሁ። ስለ አንተ ምንም አላልክም።»

አንበሳ ፀሐይዋን አየ። «እኔ አዲስ ፍርድ አልፈርድም፣ ቀበሮ። ሕጉን አንተው ነህ ያወጣኸው። ፀሐይ ስትጠልቅ ቀይዋ ሾላው ጋ ካልደረሰች ትበለታለች። ዕቃዋን መጀመሪያ የምትመርጠው አህያ ናት።»

«ወንበሩ የእኔ ነው!» አለ ጅብ።

ቀበሮ ኮፈኑ ላይ የነበረውን አቧራ በጅራቱ ጠረገ። ንጹሕ ሆኖ ሳለ ደግሞ ጠረገው። እንባው ኮፈኑ ላይ ጠብ ሲል እሱንም ጠረገው።

አህያ ተካኝን ልታስነሣ ስትል ቆም ብላ አየችው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ እሷም መሪ እየዳሰሰች እንዲሁ አልቅሳለች። በቀይዋ ሞተር ውስጥ እሳት የሚጭሩት ካንዴላዎች ለተካኝ ልክ ናቸው፤ ባትሪዋም አዲስ ነው። ዝም ብትል ሁሉንም ታገኛለች። ግን የተረፈውን መጫኛ ከጋቢናዋ አውጥታ ወረደች።

«አያ ቀበሮ፣ ናና ይህን እሰር።»

«ለእኔ?» ቀበሮ የሰማውን አላመነም።

«ለአንተ አይደለም፣ ለእሷ ነው። እሷ ምን አደረገች? ግን በገዛ እጅህ ነው የምታስረው። እጅህን ዘይት ይንካው፣ እሷንም አሻራ ይያዛት።»

ቀበሮ እጁን ወደ ሞተሩ ሰደደ። አህያ ቋጠሮውን አሳየችው። ሁለቴ ተፈታበት፣ በሦስተኛው ያዘለት። ግን ሌላ ችግር ነበር፤ ውሃው ሁሉ ፈልቶ አልቋል። ወንዙ ደግሞ ታች ነው።

ሁሉም ዞረው ጅብን አዩት።

«እግሬን አሞኛል» አለ ጅብ።

«ጀርባህንስ?» አለች አህያ። ጀሪካኖቹን አመጣች፤ ግራና ቀኝ አመዛዝና ጀርባው ላይ አሰረችበት። ጠፍሩን እንዳይበላው አፉን በጨርቅ ጠፈረችው። በዚያ አገር አህያ ጅብን ስትጭን የታየው ያን ቀን ነው። ጅብ ቅጭል ቅጭል እያለ ወንዝ ወረደ፤ እያለከለከ ተመለሰ።

ተካኝ ቀድሞ ሾላው ሥር ደረሰ። አህያ ሞተሩን አጥፍታ ግንባሯን መሪው ላይ አሳረፈች። ኤሊም ደረሰች። የፀሐይዋ ጠርዝ ብቻ ሲቀር ደግሞ ቀይዋ እየሳለች፣ እየነጠረች፣ ኮፈኗ በጥቁር የእጅ አሻራ ተሞልቶ ብቅ አለች። ሁሉም ክላክስ ነፉላት።

በሚቀጥለው ስብሰባ «ያ ሕግ ይሻር!» ብሎ መጀመሪያ እጁን ያወጣው ቀበሮ ነው። ጥፍሮቹ ውስጥ ዘይት ነበር። ጅብ ብቻ አዝኖ ጠየቀ፦ «ታዲያ የሚበለት የለም ማለት ነው?» ሲናገርም ሆዱ ቅጭል አለ።

ከዚህ የምንማረው በጎረቤቱ ላይ ሆዳምን የሚልክ ሰው፣ ሆዳሙ ጎረቤቱን ሲጨርስ ወደ ላኪው ቤት እንደሚዞር ነው።