ውድነሽ ባሏን ከጉድጓድ ያወጣችበት ጎማ

ጆሮ ስጡኝማ፣ የመቂዋን ውድነሽን ልንገራችሁ። ባሏ መንገሻ ጉድጓድ ቆፋሪ ነው። አንድ ረፋድ ጉድጓድ ውስጥ ሳለ ገመድ የሚያዞረው የመዘውሩ ብረት ተሰበረና ገመዱም አብሮ ጉድጓድ ገብቶ መውጫ አጣ። ከታች ውሃው ይሞላል፣ ከጎን አፈሩ ይናዳል። ውድነሽ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባሏ እንዲወጣላት።

ጎረቤቷን አቶ ቱፋን በናይለን ገመዳቸው እንዲጎትቱላት ለመነቻቸው። ገመዱ በሬ ይጎትታል፣ ውሃም አያበሰብሰውም። እሳቸው ግን የጉድጓዱን አፍ አሳዩዋት። ሲሚንቶው ተሰባብሮ ምላጭ ሆኗል፤ ያለ መዘውር ገመዱን ይቆርጠዋል። መጀመሪያ ብረቱን አስበይጂ አሏት።

ብረቱን ታቅፋ ወደ በያጁ ወደ ጀማል ሮጠች። ብረት ከሌለ ገመድ የለም፣ ገመድ ከሌለ መንገሻ የለም አለችው። ጀማልም ብረት በእሳት ቀልጦ ይጋጠማል፣ ግን መብራት ጠፍቷል፤ ከወይዘሮ በላይነሽ ጄኔሬተር አምጪ አላት።

ወደ ወይዘሮ በላይነሽ ሮጠች። "ጄኔሬተር ከሌለ እሳት የለም፣ እሳት ከሌለ ብረት የለም፣ ብረት ከሌለ ገመድ የለም፣ ገመድ ከሌለ መንገሻ የለም" አለቻቸው።

ወይዘሮ በላይነሽ ጄኔሬተሩን አልነፈጓትም። ነገር ግን የሽቦውን ፕላስቲክ አይጥ በልቶት መዳቡ ራቁቱን ቀርቷል። መዳብ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፣ የነካውን ይገድላል፤ ጎማ አያሳልፍም። ጎማ ካልተጠቀለለበት አላስነሳም አሏት።

ጎማ ጠጋኙ ጎሚስታ ዘንድ ሮጣ ደረሰች። "ጎማ ከሌለ ሽቦ የለም፣ ሽቦ ከሌለ ጄኔሬተር የለም፣ ጄኔሬተር ከሌለ እሳት የለም፣ እሳት ከሌለ ብረት የለም፣ ብረት ከሌለ ገመድ የለም፣ ገመድ ከሌለ..." የባሏን ስም ግን መጥራት አልቻለችም።

ጎሚስታው በጎማ ውስጥ የሚነፋው አሮጌ ካመራዳሪ ሁሉ ደርቆ መሰነጣጠቁን ነገራት። ደህናው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሰርገኛ ጭኖ ጎማ የተነፈሰበት የሚኒባስ ሾፌር የገዛው ነው። ውድነሽ እዚያው ወደቆመው ሾፌር ዞራ፣ "ጎማ ከሌለ..." ብላ ጀመረች። ሾፌሩ ሁሉንም ሰምቷል።

"ቁረጠው" አለ ጎሚስታውን።

ጎማው ሽቦውን አለበሰ፣ ሽቦው ከጄኔሬተሩ ኃይል ወሰደ፣ ኃይሉ እሳት ሆነ፣ እሳቱ ብረቱን ገጠመ፣ ብረቱ ገመዱን ተሸከመ። ገመዱ ግን አልንቀሳቀስ አለ። አፈሩ መንገሻን እስከ ወገቡ ውጦታል። ሰርገኞቹ ተከትለው መጥተው ኖሮ፣ ለነጭ ልብሳቸው ሳይሳሱ ገመዱን ያዙ።

ገመዱ መንገሻን ጎተተው። እግሩ የጉድጓዱን አፍ እንዳለፈ ከሥሩ ያለው ሁሉ ተደረመሰ። መንገሻ ሚስቱን እጇን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ለረጅም ጊዜም አልለቀቃትም።

ሰርገኞቹ ጭቃ በጭቃ እንደሆኑ በእግራቸው ወደ ሙሽራዋ ቤት ሄዱ። ሾፌሩ ግን ጎማ የለውምና እነመንገሻ ቤት አደረ።