የአባ መብረቅ ሁለት ልጆች

በአንድ ወቅት ነው ነገሩ። «መቼ?» የሚል ካለ ከአሁኑ ተነስቶ ይሂድ፤ እኔ ዓመተ ምሕረት ቆጣሪ አይደለሁም። የምቆጥረው ቤት ነው፤ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያልኩ እስከ ሰባት። ይህም ጨዋታ የመጣው ከዚያው ከቆጠራ ነውና ተከተሉኝ። ስጨርስ ፍርድ እጠይቃችኋለሁ፤ የሚያንቀላፋ ዳኛ ደግሞ አልወድም።

ወይራ አምባ በሚባል አገር ሦስት ወንድማማቾችና አንዲት እህት ነበሩ። እናት አባታቸው ሞተዋል። ትልቁ ስንሻው ነው። አንዴ የሰማውን አይረሳም፤ የአገሩን ሰው ዘር ማንዘር በጣቱ ይቆጥረዋል። ሁለተኛው አየልኝ ነው። እግሩ ዳገት ቁልቁለት አያውቅም፤ ሌላው በሦስት ቀን የሚሄደውን እሱ በቀን ተኩል ይገባል። ሦስተኛው ዘገየ ነው። እሱ እንኳ አፍ አለው ለማለትም ያስቸግራል። ቀኑን ሙሉ አብራችሁት ብታርሱ ሁለት ቃል ብትሰሙ ነው፤ ያሰበውን ግን ሠርቶት ታገኙታላችሁ። እህታቸው የውብዳር የሁሉም ታናሽ ናት። እንደ አባት ሆኖ ያሳደጋት ስንሻው ነው።

የውብዳር የግራዝማች ዳኘውን ልጅ ምንይችልን ወደደች። በአጨዳ ደቦ ላይ ተያይተው ነው። እሱም ወደዳት፣ ሽማግሌም ላከ። እስከዚህ ድረስ ምንም ችግር የለም።

ግራዝማች ዳኘው ግን አጥንት የሚጠይቁ ሰው ነበሩ። ሰው ቤታቸው ሲገባ ከ«እንደምን ዋልክ» በፊት «የማን ልጅ ነህ?» ነው የሚሉት። ከወንዙ ማዶ የሚኖሩት ሸክላ ሠሪዎች ድስትና ጋን ይዘው ሲመጡ ከበር አያሳልፏቸውም። ጠላ ቢሰጧቸው እንኳ በተሰበረ ቅል ነው፤ ዋንጫ አያስነኳቸውም። ድስታቸውን ግን ይገዙታል፣ ወጡንም ያሠሩበታል። አይ የሰው ነገር! ደግሞ ግራዝማችን ብቻ አልማም። አገሩ ሁሉ ሸክላ ሠሪን ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ይበላል እያለ እንዲሁ ነበር የሚያደርገው።

በዚያ አገር ደንብ ሁለት ሰዎች ከመተጫጨታቸው በፊት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ከሁለቱም ወገን ሰባት ቤት ይቆጠራል። በሰባቱ ውስጥ አንድ የጋራ አያት ከተገኘ ልጆቹ ዘመድ ናቸው፤ ጋብቻው ቀረ። ቄሱ አይባርኩም፣ እግዜርም ልጅ አይሰጥም ይባላል።

እናም ከዋርካው ሥር ተቀመጡ። ግራዝማች ጀመሩ። አባታቸውን፣ አያታቸውን እያሉ አራተኛው ላይ «ወሰን» አሉ፤ አምስተኛው ላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «አባ መብረቅ!» አሉ። ይህ የፈረስ ስም ነው። የድሮ ጦረኛ በፈረሱ ስም ይጠራ ነበርና በግራዝማች ቤት ከዚያ ሌላ ስሙን የሚያውቅ አልቀረም። ከዚያ ወዲያ ያሉትንም በፈረስ ስማቸው ሁለት አክለው ሰባቱን ሞሉ። ስንሻው በተራው ቆጠረ። አምስተኛው ላይ «ደስታ»፣ ስድስተኛው ላይ «ጎሹ» ብሎ ቀጥሎ ጨረሰ። የሚጋጭ ስም የለም። ሽማግሌዎቹ «እሰይ! የአብርሃም የሣራ ያድርገው!» ብለው ብድግ አሉ።

«ቆዩ» አለ ስንሻው።

ቆሙ።

«አባ መብረቅ የጎሹ የፈረስ ስም ነው። አባቴ ነግሮኛል። የእናንተ አምስተኛና የእኛ ስድስተኛ አንድ ሰው ናቸው።»

ልብ በሉ፤ ይህን የሚያውቅ በዚያ አገር ከእሱ በቀር አንድ ሰው አልነበረም። ዝም ቢል ኖሮ ማንም አይጠይቀው፣ ማንም አይደርስበት። እንደ ልጁ ያሳደጋት እህቱ ከዋርካው ጀርባ ሆና እየሰማች መሆኗንም ያውቃል። ግን ተናገረ። ጋብቻው በአንድ ቃል ፈረሰ።

ማታ የውብዳር ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ «አያ ስንሻው፣ ዝም ብትል ምን ነበረበት?» አለችው።

«እኔ ዝም ብል አጥንቱ ዝም ይላል? ልጅ ወልደሽ ቢሞትብሽ በማን ልታመካኚ ነው?»

«አሁንስ የሞትኩት እኔ አይደለሁም?»

ስንሻው ወጥቶ በረንዳው ላይ አለቀሰ። ይህን ያዩት ከብቶቹ ብቻ ናቸው፤ እናንተ ግን ስትፈርዱ አስቡለት።

እሷም እህል አልቀምስ አለች። አጎቶቿ ልጅቷ ከነአካቴው ሳትከሳ ብለው፣ ቆላ ውስጥ ሚስቱ ለሞተችበት አንድ ጎልማሳ ሊድሯት ተስማሙ። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ይሆናል ተባለ። «ከእሱ ጋር ከምትሰዱኝ ገዳም ስደዱኝ» ብትል ማን ሊሰማት።

አየልኝ ግን ሰማት። «ስም ብቻውን ምን ያደርጋል?» አለ። «የዚህን የጎሹን ነገር ከሥሩ ሳላይ አልተኛም።» ስንቁን ቋጠረና ዐቢይ ጾም በገባ በሳምንቱ ተነሳ። ጎሹ የተቀበረበት ገዳም ዓባይን ተሻግሮ ነው። ጫማው አለቀ፣ በባዶ እግሩ ሄደ። እግሩ ቆሰለ፣ በምርኩዝ ሄደ። ሲደርስ ዕቃ ቤቱን የሚጠብቁት አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ትልቁን ወንጌል አወጡለት። በድሮ ጊዜ ውልና ኑዛዜ የሚጻፈው በወንጌሉ ባዶ ገጽ ላይ ነበር፤ ማን ደፍሮ ይፍቀዋል? መነኩሴው ፈልገው ፈልገው አገኙና አነበቡለት።

«እኔ ጎሹ፣ እናቱ በመንገድ የሞተችበትን የሸክላ ሠሪዋን ልጅ ወሰንን፣ ጡቴን ማር ቀብቼ አጥብቼዋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ልጄ ነው፤ ከአብራኬ ከወጣው ከደስታ ጋር ወንድማማች ነው። እነዚህን ሁለቱን የለየ፣ አንዱን የጎሹ ልጅ አይደለም ያለ፣ ውጉዝ ይሁን።»

የጡት ልጅ ማለት ይህ ነው፤ ማር በተቀባ ጡት ልጅ ማድረግ። አየልኝ ጣቱን አወጣና ቆጠረ። ደስታ የእነሱ ነው። ወሰን የግራዝማች ነው። ያ አጥንት ጠያቂው፣ ያ ባለ ቅሉ ግራዝማች የሸክላ ሠሪ ዘር! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አሉ።

«እንግዲህ በደም አይገናኙም ማለት ነው፤ መጋባት ይችላሉ» አለ አየልኝ።

«ይችላሉ» አሉ መነኩሴው። «ግን ልጄ፣ ይህን አውጥቶ የተናገረ ሁለቱን ለየ ማለት ነው። ውግዘቱ በማን ላይ እንደሚወድቅ ታውቃለህ?»

«በኔ ይውደቅ» አለ። መነኩሴውም ቃሉን በብራና ገልብጠው፣ ማኅተም አድርገው ሰጡት።

ለግራዝማች ለብቻቸው ሹክ ሊላቸው ይችል ነበር። አንዳንዱ «እንዲያ ነበር ማድረግ የነበረበት» ይላል። እሱ ግን ቄሱ በአደባባይ የፈረሰውን በጓዳ አይመልሱትም ብሎ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ ሕዝብ በሞላበት ብራናውን ለቄሱ ሰጠ። ቄሱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት።

ግራዝማች «ድገሙት» አሉ። ተደገመ። ጭራቸውን መሬት ላይ አስቀመጡና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «ለካ የገዛ ዘመዶቼን ነው በተሰበረ ቅል ሳጠጣ የኖርኩት» አሉ።

ቄሱም ፈረዱ፤ «ጡት ፍቅር ነው እንጂ ደም አይደለም። ልጆቹ መጋባት ይችላሉ» አሉ። የውብዳር ዕልል አለች፤ ብቻዋን። የተከተላት ሰው አልነበረም።

ምክንያቱም አገሩ ዞረ። ትናንት ለግራዝማች ብድግ ይል የነበረው ሁሉ መንገድ ይቀይርባቸው ጀመር። በወሩ ማኅበር ላይ ዋንጫ ሲታደል ለእሳቸው የመጣው የተሰበረ ቅል ነው። ግራዝማች ቅሉን ተቀብለው አንገታቸውን ደፉ። የልጅቷ አጎቶች ደግሞ፣ «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ! የሸክላ ሠሪ ዘር ከቤታችን አይገባም። የቆላውን ሰው ሠርግ ደግሱ» አሉ። እዩት እንግዲህ፤ ደሙ አንድ ነው ተብሎ የፈረሰው ጋብቻ አሁን ደግሞ ደሙ አንድ ስላልሆነ ሊፈርስ ነው።

ዘገየ በዚያ ማኅበር ላይ ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ስለ እሱ ያልነገርኳችሁ አለ። አጸደ የምትባል እጮኛ ነበረችው። ሦስት ዓመት ጠብቃዋለች፤ የሠርጓን ቀሚስ ጥለቱን ሳይቀር አስጨርሳለች። ዘገየ ተነሳ። ሄዶ ከግራዝማች እጅ ቅሉን ተቀበለና ጠላውን እስከ አተላው ጠጣው። ሰው «ኧረ በስመ አብ!» አለ። እሱ ወጥቶ ወንዙን ተሻገረ። ሲመለስ ከሸክላ ሠሪዎቹ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡትን እማማ ላቀችን እጃቸውን ይዞ ነው። በአባቱ ቤት፣ በአባቱ መደብ ላይ አስቀመጣቸው። የጾም ወጥ ቀረበ። ከአንድ ገበታ በሉ። አሮጊቷ፣ «ልጄ፣ እርግጠኛ ነህ?» ብለው ጠየቁት። አፉን ከፈተ፤ አጎረሱት።

አጎቶቹ ጮኹ። ዘገየ ጉርሻውን ውጦ በዕድሜው ትልቁን ንግግር ተናገረ። «እንግዲህ እኛም እንደነሱ ነን። የሚጠየፍ ቤቱ ይሂድ።»

ሄዱ። የወንድማማቾቹ ቤት ከእነ ግራዝማች ቤት እኩል ሆነ፤ አጎቶቹም ከዚህ ወዲያ ጋብቻውን የሚከለክሉበት ክብር የላቸውም። የቆላውም ሰው ሰምቶ ቀረ። በዚያው ቀን ግን የአጸደ አባት የእጮኝነት ቀለበቱን በሽማግሌ መለሰ። አጸደን «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ያላት የለም። ዘገየም ቅሉን ከማንሳቱ በፊት አልጠየቃትም።

ፋሲካ አለፈ፣ የየውብዳርና የምንይችል ሠርግ ደረሰ። ድንኳኑ እንደሌላው ሠርግ አልሞላም፤ ግማሹ እንግዳ ከወንዙ ማዶ የመጣ ነው። ምንይችል በቅሎ ይዞ ከደጅ ቆሟል። ግራዝማች ከእማማ ላቀች አጠገብ ተቀምጠው በአንድ ዋንጫ ይቀባበላሉ።

በወይራ አምባ ሙሽራ ከአባቷ ቤት ስትወጣ እግሯ መሬት አይነካም። ከደጃፉ እስከ በቅሎው አንድ ወንድም በጀርባው ያወጣታል። ይህ ለወግ ብቻ አይደለም። ያ ወንድም የጀርባ አባቷ ይባላል። ከባሏ ብትጣላ የምትገባው እሱ ቤት ነው። የመጀመሪያ ልጇን ስም የሚያወጣ እሱ ነው። ልጆቿና የልጅ ልጆቿም ሰባት ቤት ሲቆጥሩ ስሙን ከአባታቸው ስም ጋር ይጠሩታል። ሌሎቹ ወንድሞች ግን ይረሳሉ፤ ማንም አይቆጥራቸውም።

ስንሻው ጎንበስ አለ። «ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ። እውነቱን ባልናገር ጎሹን ማን ይፈልገው ነበር? በተደበቀ ነገር ላይ ቤት አትሠሪም ብዬ ነው፤ ፍቅርሽን ያጣሁትም ለዚሁ ነው» አለ።

አየልኝ ጎንበስ አለ። እግሩ ከዚያ መንገድ ወዲህ ያነክሳል። «መንገዱን ያገኘሁልሽ እኔ ነኝ። የሙት ውግዘት ለብሼ እኖራለሁ፤ ልጆቼም ይህንኑ ይወርሳሉ» አለ።

ዘገየ ጎንበስ አለ። ምንም አላለም።

ከበሮው ቆመ። በሩ ላይ ሦስት ጀርባ ተደርድሯል። እንግዳው ተከራከረ። «ትልቁ ባይናገር ኖሮ ይኼ ሁሉ ዕንባ የለም» አለ አንዱ። «ባይናገር ሲሞት ይነግራት ነበር፤ ያኔ ልጆች ወልዳ ምን ልትሆን?» አለ ሌላው። «አየልኝ የሰው ገመና በአደባባይ ዘረገፈ» አለች አንዲት ሴት። ግራዝማች ከተቀመጡበት፣ «ገመናው የኔ ነው፤ ዘመዶቼን ያገኘሁበት ነው፤ እኔ አላዘንኩም» አሏት። «ዘገየ ነው እንጂ የራሱን ትዳር የሰጠ!» ሲባል፣ ከአጥሩ ውጪ ቆማ ሠርጉን የምታይ አንዲት ልጅ ድምፅ ተሰማ። አጸደ ናት። «የሰጠው የሱን ብቻ ነው?» አለች።

እንግዳው ሁሉ ወደ አጥሩ ዞረ።

የውብዳር ዓይነ ርግቧን ገለጠች። መጀመሪያ ያሳደጋትን ጀርባ አየች። ቀጥሎ የቆሰለውን እግር አየች። ቀጥሎ ዝም ያለውን አየች፤ ከእሱም ራስ በላይ፣ ከአጥሩ ውጪ ያለችውን ልጅ አየች። በቅሎዋ መሬቱን ትጎደፍራለች። ሦስቱም ወንድሞች ጀርባቸው ደክሟል፤ አንዱም ግን ቀና አላለም።

እኔ ይህን የነገረኝን ሰው «ታዲያ የማንን ያዘች?» ብዬው ነበር። «አንተ ብትሆን?» ብሎ ዱላውን አንስቶ ሄደ፤ እኔም እስከ ዛሬ አልተኛሁበትም። በሉ ተነሱ፣ ተከራከሩ። ዘር ቆጣሪም ካላችሁ ቁጠሩ። ያልተናገረ አይወጣም፣ በሩን ይዣለሁ። የውብዳርን ከደጃፉ አንስቶ ሊያወጣት፣ ልጆቿም ሰባት ቤት ድረስ ስሙን ሊጠሩለት የሚገባው ከሦስቱ የትኛው ነው?