የታችኛው ምንጭ

አንድ ገበሬ ነበረ፤ ያረጀ፣ ኑሮም ያደከመው። ሦስት ልጆችና ሦስት ምንጮች ነበሩት። «አንዳንድ ምንጭ ሰጥቻቸው ልረፍ» አለ። በአገሩ ልማድ ምንጭ የወረሰ ሰው ውሃውን ወደ ፈለገው ማሳ ይጠልፋል፤ ከልካይ የለውም። የታችኛው ምንጭ ለመጨረሻ ልጁ ደረሳት።

ውርሱ ከመጽናቱ በፊት የመንደሩን ውሃ በተራ የሚያካፍሉት የውሃ አባት ተጠሩ። በትራቸውን ይዘው ለሳምንታት ተመላለሱ። ገበሬው ታከተው።

«አንድ ጊዜ መለካት አይበቃም ወይ?» አላቸው።

«አይበቃም። ጥልቀቱን አያለሁ፤ በሳምንት ስንት እንደሚጎድል አያለሁ፤ ጉድለቱ በየሳምንቱ ምን ያህል እንደሚብስም አያለሁ።»

ጥልቀቱ የላይኛው አርባ ጣት፣ የመካከለኛው ስድሳ፣ የታችኛው ሃምሳ ሆነ። ጉድለቱ አራት፣ ሁለት፣ ሦስት። የላይኛው ጉድለት በየሳምንቱ በሁለት ጣት ሲብስ የመካከለኛው ባለበት ቆየ፤ የታችኛው በአንድ ጣት ባሰ።

«በሦስቱም ልኬት የታችኛው የሁለቱ ድምር እኩሌታ ነው፤ የራሱ ውሃ ያለው አይመስለኝም» አሉ።

«እንዴት ይሆናል? የላይኛው ጣፋጭ ነው፣ የመካከለኛው ጨው ጨው ይላል። ይሄ አንዱንም አይመስል።»

የውሃ አባት ይህን ለማጣራት ከላይ ያሉትን ሁለቱን ምንጮች በቦይ ወደ ወንዙ አስለቀቁ። በሦስተኛው ቀን የታችኛው ጭቃ ሆነ። ልጅቱ ጭቃውን አይታ አንገቷን ደፋች። ወንድሞቿ ድርሻቸውን የጠለፉ ዕለት የሚደርሳት ይኸው ነበር።

ገበሬው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «ሦስት ልጅ አለኝ፤ ውሃዬ ግን ሁለት ነው» አለ። ሁለቱን ውሃ ለሦስቱም በተራ በተራ አከፋፈለ። ዕረፍቱም ለሌላ ጊዜ ተላለፈ።

ልጄ ማስረሻ፣ «ሦስቱ ፋንክሽኖች አይመሳሰሉም፤ ታዲያ ዲተርሚናንቱ ለምን ዜሮ ሆነ?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ይህን ለሂሳብ ተማሪዎቼ ስመልስ ሃያ ዓመት ሆነኝ፤ ደክሞኛል፣ ላንተ ግን አዲስ ነው። በመጀመሪያው ረድፍ ፋንክሽኖቹን፣ በሁለተኛው ለውጣቸውን፣ በሦስተኛው የለውጣቸውን ለውጥ ጽፈሃል፤ ከዚያ ሠንጠረዥ የሚሰላው ዲተርሚናንት የውሃ አባት በትር ነው። አንዲት ቦታ ላይ እንኳ ከዜሮ ቢለይ ኖሮ ሦስቱም የየራሳቸው ናቸው ባልኩህ ነበር። ዜሮ መሆኑ ግን ያስጠረጥራል እንጂ ብቻውን አይፈርድም፤ ምንጮቹን ማስለቀቅ ያስፈለገው ለዚህ ነው። አንተም ሂድና ሁለቱን እያንዳንዳቸውን በቁጥር አባዝተህ፣ ደምረህ ሞክር። ሦስተኛው ከዚያ ከወጣልህ፣ አለመምሰሉ አያታልልህ። እንደ ገበሬው ደፍረህ «ያለኝ ሁለት ነው» በል።