ትርንጎ በአረንጓዴው ዳስ

በአንድ ወቅት፣ ሩቅ አገር እንዳይመስላችሁ፣ እዚሁ ወልድያ፣ ባንትይርጉ የሚባሉ ሰው ሚስታቸው ትርንጎ ሞተችባቸው። ለቀስተኛው ተበተነ፣ ድንኳኑ ተነቀለ፣ ቤቱ ጭር አለ። ሰውዬው ራት ሲቀርብ አሁንም «ትርንጎ፣ ነይ እንጂ» ይሉና በራሳቸው ያፍራሉ። ለብቻው የሚበላ ለብቻው ይሞታል ይባላል፤ ተረቱ የወጣው ግን ለስስታም ነው፤ እሳቸው አብሯቸው የሚቆርስ አጥተው ነው።

ትዳር ይዘው የወጡ ሦስት ልጆች አሏቸው። «እኔ ዘንድ ይምጡ»፣ «የለም፣ እኔ ዘንድ!» እያሉ ተሻሙባቸው። እሳቸውም «እናታችሁን እንደነበረች ያሳየኝ ልጅ ቤት እገባለሁ» አሉ።

ትርንጎ ፎቶ መነሳት አትወድም ነበር። የቀረችው በአንድ ቪዲዮ ላይ ብቻ ነው፤ አልጋ ልትይዝ ጥቂት ሲቀራት፣ በጎረቤት ሰርግ፣ ባሏ አጠገብ ተቀምጣ እልል ስትል። ምን ያደርጋል! ዳሱ በአረንጓዴ ሸራ ተሸፍኖ ነበርና ፀሐዩ በሸራው አልፎ ሙሽራውንም እድምተኛውንም አረንጓዴ አድርጓቸዋል። ትርንጎም ጎመን መስላለች። ደግነቱ ልጆቹ የሚያድሩት ሰርግ ቀርጸውና አቀናብረው ነው፤ ቀለም ማረም ያውቁበታል።

በኩሩ ምትኩ የእናቱን ነጠላ አየ። «ነጠላ ነጭ ነው፤ እሱ እስኪነጣ አረንጓዴውን ልቀንስ» አለና ቀነሰ። ነጠላው ነጣ፣ የእድምተኛው ሁሉ መልክ ተመለሰ። የትርንጎ ፊት ብቻ ቢጫ ሆኖ ቀረ፣ የዓይኗ ነጭ ሳይቀር። ለካ ይሄ የሸራው አይደለም፤ የገደላት የወፍ በሽታ ያኔውኑ ይዟት ኖሯል። «አባባ፣ እውነቱ ይሄው ነው» አለ። ባንትይርጉ «አጠገቧ ተቀምጬ! ዓይኔ የት ነበር?» ብለው ደረታቸውን መቱ።

ሁለተኛዋ ልጅ አስናቀችም ቢጫው የበሽታ መሆኑን አላጣችውም። ግን አላስችል አላትና ከእናቷ ፊት ላይ ብቻ ለይታ ጠረገችው። ጠይምነቷን ከእናቷ ነው የወረሰችው፤ ስለዚህ የገዛ እጇን እያየች ቀለሙን አስተካከለች። «እናቴ በሽታዋ አይደለችም» አለች። አባትየው ጤነኛዋን ትርንጎ አይተው ሳቁ፤ ከቀበሯት ወዲህ ስቀው አያውቁም ነበር። ትንሽ ቆይተው ግን «እዚያ ዳስ ውስጥስ እንዲህ አልነበረችም፣ ልጄ» አሉ።

የመጨረሻው ደረሰ ምንም አልነካም። ሰነፍ እንዳትሉት፣ በሙያው ከሁለቱ አያንስም። አረንጓዴውን ቪዲዮ እንዳለ ከፈተና በጣቱ አመለከተ። «ይቺ እማዬ ናት፣ ይሄ እርስዎ ነዎት። ሁለታችሁም አረንጓዴ። ያን ቀን ዓይንዎ ያየው ይሄን ነው፤ እዚህ ሸራ ስር ቢጫውን ማን ይለየዋል?»

ሽማግሌው አለቀሱ። ደረታቸውን ግን ከዚያ ወዲያ አልመቱም። ሲረጋጉ «ከዳሱ ወደ ፀሐዩ ስንወጣስ?» ብለው ጠየቁ።

ይኸው ባንትይርጉ ልብሳቸውን በሻንጣ ከተው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። አንዱን ሲመርጡ የቀሩት ይቀየማሉ፤ ካልመረጡ ደግሞ ራቱ ዛሬም ለብቻ ነው። እናንተ ከሩቅ የምትፈርዱ፣ እስቲ ተከራከሩ፦ ትርንጎን እንደነበረች ያሳያቸው የትኛው ነው? ሻንጣቸውን ይዘው ማን ቤት ይግቡ?