የአያ ልመንህ የጓሮ ገብስ

እኛ አገር ያለውን ለመለወጥ የሚጣደፍ ሰው ሲታይ ሽማግሌዎች የሚሏት አንዲት ነገር አለች። እንዲያው ከአፍ ያመለጠች እንዳትመስላችሁ፤ የበቀለችው ከአያ ልመንህ ጓሮ ነው።

ያን ዓመት የምስር ዋጋ ሰማይ ነካ። ነጋዴ ከነመኪናው መንደር ድረስ ገብቶ "ምስር! ምስር!" እያለ ለመነ። ምስር ደግሞ የሚወደው ወንዝ ዳር ያለውን ጥቁር መሬት ነው። ትናንት ከብት የሚሰምጥበት ጭቃ ተብሎ የተናቀው ሁሉ፣ እንደ ደረሰች ልጃገረድ ሽማግሌ ይላክበት ጀመር።

አያ ልመንህ እንቅልፍ አጣ። ከአባቱ የወረሰው ሁለት ጥማድ የጓሮ ማሳ ነበረው፤ ፍግ የጠገበ፣ ነጭ ጠጠር ጣል ጣል ያለበት፣ ገብሱ ቤተሰቡን ክረምት የሚያሻግር። ወደ ጎረቤቱ ወደ አያ ይብሬ ሄደ።

"አንድ ጥማድ ጥቁር መሬት ስጠኝ፤ የጓሮዬን ሁለት ጥማድ ውሰድ።"

"ኋላ እንዳትቆጭ፣ ወንድሜ።"

"የምቆጨውስ እስከ ዛሬ ገብስ ስቆረጥም ለኖርኩት ነው!"

ሚስቱ ዘርትሁን፣ "አንተ ሰው፣ ክረምቱን ምን ልንበላ ነው?" ብትለው፣ "ምስሩን ሸጠን ገብስ በጆንያ እናስገባለን" አላት። አባ ገረመው የተባሉ ሽማግሌ ቆመው ድንበሩ ተካለለ።

ለካ ልመንህ ያየውን ዋጋ አገር ሁሉ አይቶታል! ሰው ሁሉ ገብሱን ትቶ ምስር ዘራ። በጥር ገበያው በምስር ተጥለቀለቀ፤ ያ ለማኝ ነጋዴ ዞር ብሎም አላየው። ገብስ ያለው ሰው ግን ጀነነ። ልመንህ ሦስት ጆንያ ምስር አውጥቶ አንዲት ጆንያ ገብስ ይዞ ገባ።

ዘርትሁን ገብሱን ስትለቅም አንዲት ነጭ ጠጠር አገኘች። መዳፏ ላይ አድርጋ ብዙ አየቻት።

"ይቺን አውቃታለሁ" አለች። "የጓሯችን ናት።"

በማግስቱ የልመንህ ስም ግብሩ ሆነና፣ አባ ገረመውን ይዞ ይብሬ ደጅ ቆመ።

"በሞቴ፣ መሬቴን መልስልኝ፤ ያንተንም ውሰድ።"

"ምስር እንደተወደደ ቢቀር ኖሮ፣ እኔ ብለምንህ ትመልስልኝ ነበር?"

ልመንህ ወደ ሽማግሌው ዞረ።

"አባቴ፣ እርስዎ ይፍረዱኝ። ገበያው እንዲህ ይገለበጣል ብዬ መች አሰብኩ?"

አባ ገረመው ከአጥሩ ወዲያ ያለውን ማሳ አሻግረው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ "ልጄ፣ ገበያ የወጣ ይገባል፤ ከእጅ የወጣ ይቀራል።"