የበርኖሱ ቀዳዳ

«ተረት ተረት!» ስላችሁ «የላም በረት!» በሉኝና ስሙ።

አንዲት ብል በእትዬ አትጠገብ ሣጥን ውስጥ ትኖር ነበር። ክረምቱ ወጥቶ እትዬ የባላቸውን በርኖስ አጥር ላይ ሲያሰጡት፣ ብሏ ዓይኗ እያየ ድምቢጥ መጣችና ለጎጆዋ ክሩን እየመዘዘች በሳችው። እትዬ ግን ቀዳዳውን ሲያዩ «አይ ይቺ የተረገመች ብል!» ብለው ሣጥኑን አራገፉና ልጆቿን በጫማቸው ፈጯቸው።

የብሏ ደም ፈላ። «አንቺ ሌባ! ልጆቼ ሲያልቁ ምነው ዝም አልሽ?» አለቻት።

«እኔማ ዘፋኝ ነኝ፤ ማን ይጠረጥረኛል?» አለች ድምቢጧ።

ብሏ ድምቢጧ ሳታያት ጎጆዋ ውስጥ እንቁላል ጣለች። ትሎቿ ተፈልፍለው ክሩን በሉት፤ ጎጆው ተበጣጠሰ፤ የድምቢጧ ጫጩቶች መሬት ወድቀው ሞቱ። ድምቢጧ ቅርንጫፍ ላይ ሆና ኡኡታዋን አቀለጠችው።

እትዬ አትጠገብ ከደጃፋቸው ሰሟትና «እሰይ! ዛሬስ እንዴት አድርጋ ዘፈነችልኝ!» አሉ።