የተከራየ ጆሮ

አንድ መምህር ነበረ። ሳይገባው «ገባኝ» አለ፤ በዚህም ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ሳያገኝ ቀረ።

ይህን የምነግርህ ስለጠየቅኸኝ ነው። «ጋሼ፣ ተማሪዎቼን ያልገባው አለ ወይ ስላቸው አንድም እጅ አይወጣም። ፈተና ሲመጣ ግን ይወድቃሉ። ለምንድን ነው የማይጠይቁኝ?» አልኸኝ። አንተ ገና ጀማሪ መምህር ነህ፤ እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ። ስማኝ።

ሰውየው ሒሳብ ያስተምር ነበር። ተማሪ ይፈራዋል። «ገባችሁ?» ሲል ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላል። ይህ ልማድ በየክፍሉ አለ፤ አንተም ያደግኸው በዚሁ ነው። አንዱ ተሳስቶ እጁን ካወጣ መምህሩ «ምነው፣ ጆሮህን አከራይተኸዋል?» ይለዋል። ክፍሉ ይስቃል። ልጁ ይቀመጣል። ያ እጅ ሁለተኛ አይወጣም። እኔም በልጅነቴ እንዲህ ባለ ክፍል ተቀምጫለሁ። ስለዚያ ከዚህ በላይ አልናገርም።

ክረምት ገባ። መምህራንና የትምህርት ቤት ሠራተኞች ለኮምፒውተር ሥልጠና ተጠሩ። ከእሱ ትምህርት ቤት እሱና አንዲት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ተላኩ። ቃሉ ግልጽ ነበር። በመጨረሻው ቀን ከተላኩት አንዱ ወጥቶ በማሽኑ አንድ ገጽ ጽፎ ካሳየ ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተሮች ያገኛል፤ ካቃተው ለሌላ ያልፋሉ። ወላጆች ይህን ሰምተው፣ ድንጋይ ተሸክመው፣ ቆርቆሮ አዋጥተው ማስቀመጫውን ክፍል አስቀድመው ሠርተዋል። መምህሩን ሲሸኙት «አደራ» አሉት።

አሠልጣኟ ወጣት ሴት ነበረች። ንግግሯ ፈጣን ነው። በየመሐሉ «ገባችሁ?» ትላለች። ያ ሁሉ ሽበታም መምህር እንደ ሕፃን በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላል። የእሱ ድምፅ ከሁሉም ይጎላ ነበር። ማውስ ግን ይዞ አያውቅም። ሲያንቀሳቅሰው ቀስቷ ወደ ስክሪኑ ጥግ ትሸሽና ትጠፋበታለች።

አንድ ማሽን ለሁለት ሰው ነበር። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ከጎኑ ሆና «መምህር፣ እኔስ ጠፍቶብኛል። ልጠይቃት?» አለችው፤ እጇንም ማንሣት ጀመረች።

ክንዷን ይዞ አወረደው። «ተይ እንጂ! ትምህርት ቤቱን ታሰድቢያለሽ።»

«ታዲያ ለእርስዎ ገባዎት?»

«ገብቶኛል። በኋላ አሳይሻለሁ።»

አላሳያትም። ከየት አምጥቶ?

የመጨረሻው ቀን ደረሰ። ከትምህርት ቤቱ ማን ይውጣ ሲባል እሱ ተነሣ። ሴትዮዋን ቢያስወጣት አለማወቋ የእሱን ይገልጥበታል። ወጥቶ ተቀመጠ። ስክሪኑ ጨለማ ነው። ቁልፎቹን ነካካ። ላብ አጠመቀው። በመጨረሻ «ማሽኑ ተበላሽቷል» አለ። አሠልጣኟ መጥታ ከጎን ያለችውን ማብሪያ ተጫነች። በራ።

ያን ጊዜ ከኋላ አንድ ሰው ተናገረ። የመምህሩ የቀድሞ ተማሪ ነው፤ አሁን እሱም በሌላ ትምህርት ቤት ያስተምራል።

«ምነው መምህር፣ ጆሮዎን አከራይተውታል?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከሳቁት ውስጥ ስንቱ እንደ እሱ እንዳልገባው እግዚአብሔር ይወቀው።

መምህሩ ቃሉን ያውቀዋል፤ የራሱ ነው። ጃንጥላውን አንሥቶ ወጣ። ዝናብ ይጥል ነበር። ጃንጥላውን እንደታጠፈ በእጁ ይዞ፣ እየተደበደበ ሄደ።

ኮምፒውተሮቹ ለሌላ ትምህርት ቤት ተሰጡ። ወላጆች የሠሩት ክፍል የተሰባበረ ዴስክ ተከመረበት። መስከረም ላይ መምህሩ በደጃፉ ሲያልፍ ዞር ብሎ አያየውም ነበር ይላሉ።

እንግዲህ ልጄ፣ ተማሪዎችህ ያ ሰው ናቸው። ጨለማ ስክሪን ፊት ተቀምጠው ቁልፍ ይነካካሉ፤ ቢጠይቁ ምን እንደሚገጥማቸው ስለሚያውቁ «አዎ» ይሉሃል። አንተ ደግሞ አዳራሹ ነህ። አንገትህን አትድፋ። ትናንት በክፍልህ መስኮት ሥር ሳልፍ ሳቅ ሰምቻለሁ። በማን እንደተሳቀ አልጠይቅህም። አንተ ታውቀዋለህ፤ እሱም አይረሳውም።

ሴትዮዋስ አልኸኝ? ሥልጠናው ሲያበቃ ሁሉም ሰርተፊኬቱን እየተቀበለ ወደ መኪናው ሮጠ። እሷ ከወንበሯ አልተነሣችም። ባዶው አዳራሽ ውስጥ እጇን አወጣች።

«እኔ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልገባኝም» አለች። «እንደገና አሳዪኝ።»

አሠልጣኟ ቦርሳዋን መልሳ አስቀመጠች። የሚስቅ አልነበረም። እዚያ የቀሩት ሁለቱ ሴቶች ብቻ ነበሩ።